አብሽ ይሻለኛል ወይስ ጥቁር አዝሙድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ አብሽና ስለ ጥቁር አዝሙድ የሚጠይቁት በዝተዋል። አንዱ ከጓዳው ቆንጥሮ ይወስዳል፤ ሌላው ውጭ አገር ሆኖ በካፕሱል ይገዛል። የብዙዎቹ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የቱ ይሻላል? መልሶቹን ያዘጋጀነው በፋርማሲና በሥነ ምግብ ሙያ የምንሠራ የዓምዱ ጸሐፊዎች ነን። ማንኛውንም መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ከጎንደር ለተላከው ጥያቄ የሰጠነውን መልስ ሳያነብ ምንም እንዳይጀምር አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ። ጎረቤቴ «አብሽ ጠጪ» ትለኛለች፣ እህቴ ደግሞ «ጥቁር አዝሙድ በማር ነው የሚያድንሽ» ባይ ናት። ሁለቱን አነጻጽራችሁ ብትነግሩኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። ሁለቱ ቅመሞች አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

አብሽ የሚሠራው በአብዛኛው እንደ ምግብ ነው። የአተርና የሽምብራ ዘመድ ሲሆን ፍሬው ውስጥ ጋላክቶማናን የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥና የሚዝለገለግ ፋይበር በብዛት አለው። ይህ ዝልግልግ ነገር ሆድ ውስጥ ከእንጀራው ጋር ሲቀላቀል ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣው ቀስ እያለ ይሆናል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ስለዚህ አብሽ በይበልጥ የሚታየው ከምግብ በኋላ በሚለካው ስኳር ላይ ነው። በውስጡ ያለ አንድ አሚኖ አሲድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እንደሚያነሳሳም በላብራቶሪ ታይቷል፤ ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ግን ፋይበሩ ነው። ፋይበር ደግሞ ካልበዛ አይሠራም። ሽሮ ውስጥ የምትገባው ቁንጥር አብሽ ለጣዕም ናት፤ የደም ስኳር ላይ ለውጥ አታመጣም።

ጥቁር አዝሙድ ሌላ ነው። ከፍሬው ክብደት ሲሶ ያህሉ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ዘይት ነው። በዚያ ዘይት ውስጥ ጥቂት የሚተን ክፍል አለ፤ አፍንጫ የሚመታው ጠረን የሚመጣው ከዚያ ነው። በብዛት የተጠናው ንጥረ ነገሩ ታይሞኪኖን የሚገኘውም እዚያው ነው። ለዚህ 2 ግራም ይበቃል፤ ፍሬው ከከረመ ወይም ከተቃጠለ ግን 10 ግራም ቢወሰድም ዋጋ የለውም። አብሽን ስንመዝን የምናየው ብዛቱን ነው፣ ጥቁር አዝሙድን ስንመዝን ትኩስነቱን።

የጥናቱን ነገር እንንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የሳውዲ አረቢያ ጥናት 94 የስኳር ሕመምተኞች ከመድኃኒታቸው ጋር የጥቁር አዝሙድ ዱቄት በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም ለሦስት ወር ወሰዱ። በቀን 2 ግራም የወሰዱት የጾም ስኳራቸውም የሦስት ወር አማካዩም (ኤችቢኤዋንሲ) በግልጽ ቀነሰ፤ 3 ግራም የወሰዱት ግን የተለየ ጥቅም አላገኙም። ጥናቱ ባዶ ካፕሱል የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ቁጥሩን እንዳለ ለራስ መጠበቅ አይገባም። አብሽ በብዙ ትንንሽ ጥናቶች ተሞክሯል፤ መጠኑም አዘገጃጀቱም ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ ውጤቱ ይዋዥቃል። ከእነዚህ አንዱ በተለይ ትምህርት ይሰጣል። በቀን 10 ግራም የአብሽ ዱቄት ለስምንት ሳምንት በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው የወሰዱት የጾም ስኳራቸው ሲቀንስ፣ ያንኑ መጠን በእርጎ የበሉት ላይ ለውጥ አልታየም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለነበሩ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ፍሬው አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶ ማበጥ እንዳለበት ግን ከአሠራሩ ጋር የሚስማማ ነው።

ለእርስዎ የምንመርጠው አብሽን ነው። ሜትፎርሚን ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው እምብዛም ስላልሆነ አብሽ ቢጨመርበት አደጋው አነስተኛ ነው። አብሽ ከምግብ ጋር ሊወሰድ ይችላል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት (3 ግራም ገደማ)፣ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ ሆድዎ ከተቀበለው ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን እስከ 10 ግራም ይውሰዱ። አሥር ግራም ማለት ለጥ ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው፤ ለሁለት ከፍለው ከምግብ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይጠጡት። ከመጀመሪያው ቀን ብዙ የሚጠጡ ሰዎች በሁለተኛው ቀን ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዟቸው «አብሽ አይስማማኝም» ብለው ይተዋሉ። ያልተስማማቸው ፍጥነቱ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ አይጀምሩ። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሳምንት የጾም ስኳርዎንና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ለክተው ይጻፉ፤ ከጀመሩ በኋላም በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ሦስት ወር ሲሞላ ኤችቢኤዋንሲ ይመርመሩ። ካልቀነሰ አብሹ እንደ ምግብ ይቀጥል፣ መድኃኒቱን ግን ሐኪምዎ ይይልዎት። ሜትፎርሚኑን በራስዎ አይቀንሱ። የደም ግፊትና ኮሌስትሮልም ካለብዎ ጥቁር አዝሙድን በኋላ መጨመር ይቻላል፤ በግፊት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ 3 ያህል ነው የሚቀንሰው። ለመድኃኒት አጋዥ ይሆናል፣ ምትክ አይሆንም።

ማሩን ግን ይተዉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ የሚጠብቁትን ጥቅም እዚያው ይበላዋል።

ጥያቄ፦ እናቶቻችን አብሽ ሲያዘጋጁ መራራውን ውሃ ደጋግመው ይደፋሉ። ከውሃው ጋር መድኃኒቱም አብሮ አይሄድም? ትክክለኛውን አዘገጃጀት ብትጽፉልን። (ከደሴ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚደፋው ውሃ ምሬቱን ይዞ ይሄዳል። ምሬቱ የሚመጣው በውሃ ከሚሟሙ ሳፖኒንና መሰል ንጥረ ነገሮች ነው፤ ከላይ የጠቀስነው አሚኖ አሲድም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ አብሮ ይፈሳል። ያበጠው ፋይበር ግን ይዘቅጣል፣ ከሥር ይቀራል። ስለዚህ ለስኳር የሚጠጣ ሰው አንዴ ብቻ ቢደፋ ይበቃዋል፤ ምሬቱን የሚችል ሳይደፋ ይጠጣው። ለልጅ ገንፎ ወይም ለሆድ ማለስለሻ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ መድፋት ምንም አይደለም።

አዘገጃጀቱ ይህን ይመስላል። ግማሽ ኪሎ አብሽ ይለቀማል። ጠጠርና አሸዋ ስለማይጠፋው በችኮላ የሚለቀም ነገር አይደለም፤ ትሪ ላይ በስሱ እየበተኑ መልቀም ነው። ከዚያ ቶሎ ታጥቦ ወዲያው ይጠለላል፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይልጋል፣ ለማድረቅም ያስቸግራል። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል። ቀጥሎ በለስላሳ እሳት፣ እጅ ሳይነሳ እየተማሰለ ይታመሳል። ጥሬ ሽታው ጠፍቶ የለውዝ ዓይነት ጠረን ሲመጣና ከቢጫ ወደ ፈዛዛ ወርቃማ ሲያደላ ከእሳት ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ቡናማ እስኪሆን ከተቆላ ሌላ ምሬት ይመጣበታል፣ ያንን ደግሞ ውሃ አያወጣውም። ምጣዱ የያዘው ሙቀት መቁላቱን ስለሚቀጥል ወዲያው ወደ ትሪ ይገልበጥ። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ይፈጫል፣ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል።

ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሁለት ብርጭቆ (500 ሚሊ ሊትር ገደማ) ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጥ። ዱቄቱን ውሃው ላይ እየነሰነሱ ማማሰል እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ ማፍሰስ ያጓጉላል። ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ጠዋት ከላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ ይደፋል፣ ከሥር ያለው ዝልግልግ ይቀራል። ይህ በማንኪያ ወይም በማማሰያ አምስት ደቂቃ ያህል ይመታል፤ አየር ሲገባበት ይነጣል፣ እንደ እንቁላል አረፋ ይኩረፈረፋል። ካልተኩረፈረፈ ወይ ዱቄቱ ሸካራ ነው፣ ወይ ፋይበሩ ገና አላበጠም፤ ሁለት ሰዓት ይጨመርለት። ከዚያ በሚፈለገው ውሃ ቀጥኖ ለሁለት ይከፈላል። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ጣዕሙን ያሳምረዋል። በአንድ ቀን ያልተጠጣ ይደፋ።

ደረቅ ዱቄት አፍ ውስጥ ጨምሮ በጥቂት ውሃ ማወራረድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ጉሮሮ ውስጥ ያብጣል፤ የመዋጥ ችግር ወይም የአንጀት መጥበብ ላለበት ሰው ለሕይወት ያሰጋል።

ጥያቄ፦ እዚህ በየሱቁ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ፤ «ሐበት አል-በረካ» ይሉታል። አንዱ በ20 ድርሃም ይሸጣል፣ ሌላው በ100። ዱቄቱ፣ ዘይቱና ካፕሱሉ ልዩነታቸው ምንድን ነው? እንዴትስ ነው ጥሩውን የምለየው? (ከዱባይ)

መልስ፦ በቅድሚያ የስሙን ነገር እናጥራ። «ሐበት አል-በረካ» ወይም «ሐበት ሶዳ» የሚሉት የእኛው ጥቁር አዝሙድ ነው፤ የሕንድ ሱቅ ውስጥ ካሎንጂ ይባላል። ነጭ አዝሙድና ከሙን ሌላ ተክሎች ናቸው። አንዳንድ የእንግሊዝኛ መለያ «ጥቁር የሽንኩርት ዘር» ብሎ ስለሚጽፍ እውነተኛ የሽንኩርት ዘር ገዝተው የሚመለሱ አሉ። ፍሬውን በመዳፍዎ ፈትገው ያሽትቱት፤ ጥቁር አዝሙድ አፍንጫ የሚከፍት ጠንካራ ጠረን ይሰጣል፣ የሽንኩርት ዘር አይሰጥም።

የምንመክረው ሙሉ ፍሬውን መግዛት ነው። ፍሬው ሳይፈጭ በደረቅና ጨለማ ቦታ ለወራት ይቆያል። ከተፈጨ በኋላ ግን በናኙ ዘይት ይተናል፣ ቅባቱም አየር እያገኘው ይበላሻል። ስለዚህ በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ የአንድ ሳምንቱን ብቻ ይፍጩ፤ 14 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 2 ግራም ያህል ስለሚመዝን የቀን መጠኑ እሱ ነው፤ ከምግብ ጋር ይወሰድ። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል። አይቁሉት። በድፎ ዳቦ ላይ የተነሰነሰው ወይም ቅቤ ሲነጠር የገባው ለጣዕም ግሩም ነው፣ ነገር ግን እሳት አግኝቶታልና ከዚህ መጠን አይቆጠርም።

ዘይቱን ከመረጡ በጥናቶች የተሞከረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ (2.5 ሚሊ ሊትር) በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ጥሩ ዘይት በጥቁር ብርጭቆ ጠርሙስ ይመጣል። «በቀዝቃዛ የተጨመቀ» የሚል ጽሑፍና የተመረተበት ቀን ይኖረዋል፤ ይበልጥ የሚታመኑት የታይሞኪኖን መጠኑንም በመቶኛ ይጽፋሉ። ጣዕሙ መራራ ሆኖ ጉሮሮን ትንሽ እንደ በርበሬ ይቆነጥጣል። የማይቆነጥጥና የሱፍ ዘይት የሚመስል ከሆነ በሌላ ዘይት የቀጠነ ነው ብለው ይጠርጥሩ። የከረመ የቅባት ሽታ ካመጣ ደግሞ ይደፋ። በግልጽ ፕላስቲክ ተሞልቶ ፀሐይ በሚመታው መስኮት የተደረደረን አይግዙ። ከፍተው በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሱት፤ ሲቀመጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሁን።

ካፕሱሉ መራራ ለማይችል ሰው ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራም የዱቄት ካፕሱል ከሆነ 2 ግራም ለመሙላት አራት ያስፈልጋል። ለጾም ወይም ለሐላል የሚጠነቀቁ ሰዎች የካፕሱሉን ቅርፊት ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ በሚወጣ ጄላቲን ነው የሚሠራው። ከዕፅዋት የተሠራም ስላለ መለያው ላይ ይፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ንጹሕ ዘይቱን ፊት ላይ የሚቀቡ አሉ፤ ቆዳን የሚያስቆጣና የሚያቆስል ጊዜ አለው። መጀመሪያ የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ አንድ ጠብታ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ወተቴ እንዲጨምር ብዬ የአብሽ ካፕሱል ገዛሁ፤ በቀን ስንት ልውሰድ? ላቤና ሽንቴም ጣፋጭ ነገር መሽተት ጀምሯል። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎት። ከሽታው እንጀምር፤ አያስደንግጥዎት። አብሽ ውስጥ ያለ ሶቶሎን የተባለ ንጥረ ነገር በላብና በሽንት ይወጣል፣ ሽታውም ከሜፕል ሲረፕ ጋር አንድ ነው። የሕፃኑ ሽንትም ሊሸት ይችላል። ይህን ለሕፃኑ ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ። ሽንትን በዚሁ ዓይነት የሚያሸት ከባድ የውርስ በሽታ ስላለ፣ አብሽ በጠጡ እናቶች ምክንያት ጤነኛ ሕፃናት የተጠረጠሩበት ጊዜ አለ።

ወተት ስለመጨመሩ ያለው ማስረጃ ድብልቅልቅ ነው፤ አንዳንድ ጥናት ጭማሪ አሳይቷል፣ ሌላው አላሳየም። ወተትን በእርግጠኝነት የሚጨምረው ጡት ቶሎ ቶሎ ባዶ መሆኑ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት፣ ሕፃኑም ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክፍል ጭምር መጉረሱን ማየት። ይህ ተስተካክሎ አብሽ መሞከር ከፈለጉ የተለመደው መጠን በቀን 5 ግራም ያህል ነው። በባለ 600 ሚሊ ግራም ካፕሱል ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናል፣ ለሦስት ተከፍሎ። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ያቁሙት። ሕፃኑን ተቅማጥ ከያዘው ወይም ያለ ወትሮው ካስለቀሰው ቀኑን ሳይጠብቁ ይተዉት። ለውዝ ወይም ሽምብራ የማይስማማዎት ከሆነ አብሽም ላይስማማዎት ይችላል።

በካፕሱል ፈንታ አብሽ የገባበት አጥሚት ቢጠጡ እኛ የበለጠ ደስ ይለናል፤ ፈሳሹም ጉልበቱም አብሮ ይገኛል። በአሜሪካ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ እንዲህ ያሉ ካፕሱሎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ይሠራሉ ተብሎ በመንግሥት አይረጋገጥም። ከገዙ «ዩ.ኤስ.ፒ.» የሚል ምልክት ያለበትን ይምረጡ፤ ምልክቱ ውስጡ ያለው በመለያው ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ያሳያል።

ለሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር የአብሽ ውሃ አይሰጥም፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ደግሞ ማር የገባበት ምንም ነገር አይቅመስ፣ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ያመጣል። ዳግመኛ ቢያረግዙ አብሽም ጥቁር አዝሙድም ከወጥና ከዳቦ ቅመምነት አልፈው በብርጭቆ ወይም በካፕሱል አይወሰዱ፤ ማሕፀን ሊያነሳሱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ፣ ለልባቸው ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ጥቁር አዝሙድ በየቀኑ ይበላሉ፤ አሁን ደግሞ አብሽ ልጀምር አሉ። ምን ልበላቸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንዳይጀምሩ ይንገሯቸው። ጥቁር አዝሙዱንም ምን ያህል እንደሚበሉ ለሐኪማቸው ያሳውቁ፤ ይህ ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም።

ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንድታፈስ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው። በላዩ ላይ ስኳር የሚያወርዱ ሁለት ነገሮች ሲደረቡ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ኢንሱሊን በሚወጉትም እንዲሁ። ምልክቱ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ነው፤ አዛውንት ላይ አንዳንዴ ዝም ማለትና መፍዘዝ ብቻ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ በ15 ደቂቃ መለካት፣ ካልወጣ መድገም ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን ይበልጥ ያሳስበናል። ሁለቱም ዘሮች የደም መርጋትን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ዋርፋሪን ደግሞ ለመብዛትም ለማነስም ቦታ የለውም። ድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ ሰገራ መጥቆር ካዩ በዚያው ቀን ይሂዱ። ጥቁር አዝሙዱን ማቆም ራሱ የደሙን ልክ ስለሚቀይር ባቆሙ በሳምንቱ አይ.ኤን.አር. (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየውን ምርመራ) ይመርመሩ። አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚወስዱም ጥንቃቄው ይመለከታቸዋል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለቱንም ከሁለት ሳምንት በፊት ያቁም።

የአብሽ ፋይበር ሌሎች መድኃኒቶችንም ይዞ ያስቀራል። የብረት ኪኒንና ሌሎች የአፍ መድኃኒቶች ከአብሹ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይወሰዱ፤ የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን ከሆነ አራት ሰዓት። አብሽ ራሱ ብዙ ብረት አለው ቢባልም ሰውነት የሚወስደው ከዚያ ጥቂቱን ነው፤ ለደም ማነስ በአብሽ ብቻ አይታመኑ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጥቁር አዝሙድን በካፕሱልም በዘይትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰድ።

ለአባትዎ ሲነግሩ የእምነትን ነገር አይንኩ። ለብዙ ሰው ጥቁር አዝሙድ ከቅመም በላይ ክብር ያለው ነው። ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውን ቁንጥር ማንም አልከለከላቸውም፤ የምንለው በማንኪያ የሚወሰደው ከዋርፋሪን ጋር አይስማማም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለበት፣ 9 ዓመቱ ነው። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሬ ባሸተው ይጠቅመዋል? (ከሃዋሳ)

መልስ፦ ለጉንፋን የታፈነ አፍንጫ ያቀልለታል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥረው በመዳፍ አሽተው ሦስት አራት ጊዜ ይሳብ። አስምን ግን አያቆምም። ኃይለኛ ጠረን አንዳንድ ልጆች ላይ ማፈኑን ስለሚቀሰቅስ፣ ካሳለ ወይም ሲር ሲር ካለ ወዲያው ይራቅለት፤ የሚስበው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል ከአጠገቡ አይጥፋ። ዘይቱን አፍንጫው ውስጥ አያንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የየመን አይሁዶች «ሒልባ» የሚሉት አብሽ ነው? እሱን በዳቦ መብላት ይተካል? ሁለቱንስ አብሮ መውሰድ ይቻላል? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ አዎ፣ ያው አብሽ ነው፤ ተዘፍዝፎና ተመትቶ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ከስሑግ ጋር የሚቀርብ። አዘገጃጀቱ ከእኛው ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ስለዚህ ይተካል። ችግሩ ጨውና ዳቦው ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው ቤቱ በጨው ቆጥቦ ይሥራው። የሱቁ ከሆነ በአንድ ማንኪያ ውስጥ ምን ያህል አብሽ እንዳለ አይታወቅም።

አብሮ መውሰድ መድኃኒት ለማይወስድ ጤነኛ ሰው ይቻላል። አንዱን ጀምረው አራት ሳምንት ሲሞላው ሌላውን ይጨምሩ፤ አለዚያ ሆድዎ ቢታወክ ወይም ሽፍታ ቢወጣብዎ የቱ እንዳመጣው አያውቁም።

ጥያቄ፦ አብሽ አብቅዬ በሰላጣ መብላት ጀምሬያለሁ፤ ከደረቁ ይሻላል ይላሉ። (ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን)

መልስ፦ ጥሬውን አይብሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው ጀርመን ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያሳመመውና ከ50 በላይ የሞቱበት፣ ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ የመጣው ወረርሽኝ ከአብሽ ቡቃያ ጋር ነው የተያያዘው፤ ዘሩ ከግብፅ የመጣ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘሩ ላይ ጥቂት ጀርም ካለ፣ ለማብቀል የምንሰጠው ሙቀትና እርጥበት ለጀርሙም ይመቸዋል፤ ማጠብ ደግሞ ከተሰነጠቀ ፍሬ ውስጥ አያወጣውም። ቡቃያውን ከወደዱት እየፈላ ባለ ወጥ ውስጥ ጨምረው በደንብ ያብስሉት። ይኸው ነገር ተዘፍዝፎ የሚጠጣውንም ይነካል፤ ለደሴው ጠያቂ አብሹ ይታመስ፣ ውሃው የፈላ ይሁን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር ያልነው ለጣዕም ብቻ አልነበረም። ማቀዝቀዣ ከሌለ ሌሊቱን ከማሳደር ይልቅ ጠዋት በሙቅ ውሃ በጥብጠው፣ ሁለት ሰዓት አቆይተው፣ መትተው ወዲያው ይጠጡት።